በቀን ሦስት ጊዜ

ደባርቅ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአንዳርጋቸው፣

እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ? እናታቸውስ? ጥምቀትን በሰላም ዋላችሁ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ታደለም የልብስ ስፌት መኪናው ላይ እንደጎበጠ ደህና ነው፤ «ለወንድምሽ ሰላም በይልኝ» ብሏል።

«ምን አድርጌሽ ነው ስልኬን የማታነሺው?» ላልከው፣ ምንም አላደረግኸኝም። ይቅር በለኝ። አፌ ደርቆ ነው። ሁለት ቃል ስናገር ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል፤ ሦስተኛውን ለማውጣት ውኃ ፍለጋ እነሣለሁ፤ አንተ ደግሞ ስልክ ላይ ካልጮህክ የምሰማህ አይመስልህም። ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል። ደብዳቤውን ጎረቤታችን ቻላቸው በአውቶብሱ ይዞልህ ይመጣል።

እንዲህ ከሆንኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አትቆጣ፣ እስከ መጨረሻው አንብብ። ጥምቀት ዕለት ድፎ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፤ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ ጀርባዬን ደበደበኝ። ሦስት ጥርሶቼ ተቦርቡረዋል። ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። የአክስታችን የስንቄ ቀብር ላይ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣኝም፣ ሴቶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላሉ አይደል? እንግዲህ እኔ ከአንጀቴ አለቀስኩ፣ እንባው ግን ገደደ።

ኅዳር ላይ ታደለ በግድ ጎንደር ወሰደኝ። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው። ደሜን ወሰደ፣ ከከንፈሬ ውስጥ ትንሽ ቆንጥሮ መረመረ። በመጨረሻ ሾግረን የሚባል ሕመም ነው አለኝ፤ ሰውነቴን የሚጠብቀው ኃይል ጠላት መስሎት የራሴኑ የምራቅና የእንባ እጢዎች ይወጋል ማለት ነው አለ። ወይ ጉድ! ዘበኛው ባለቤቱን ሲደበድብ። ምራቅ የሚያመጣ ክኒን አለ ብሎ አዘዘልኝ፤ ጎንደር ግን ዞሬ አጣሁት። የማዘዣውን ኮፒ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ አይደለም፣ ክፍሌ ነው። ሀያ አራት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተማርኩ። አንተም ብትሆን ፊደል ከእኔ ነው የለየኸው። ፊደል ደግሞ በጩኸት ነው የሚገባ፤ መምህሩ ይላል፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። እኔ አሁን ሀ ብዬ ጀምሬ ረ ላይ እቆማለሁ። ርዕሰ መምህራችን አቶ የኔሰው ሁለት ጊዜ በበሩ አልፎ ዝም ስል አይቶኛል። ከዚህ ክፍል ከወጣሁ እኔ ምን ነኝ? ክኒኑን ከቻልክ ፈልግልኝ፤ ካልቻልክም አትጨነቅ።

እህትህ ዘርፈሽዋል


አዲስ አበባ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ደብዳቤሽን እዚሁ ፋርማሲው ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ደንበኛ መድኃኒት ሲጠይቀኝ «ቆይ አንዴ» እያልኩ። ሁለት ዓመት! ፋርማሲስት ወንድም እያለሽ ሁለት ዓመት! ልቆጣ ነበር፣ ግን ደብዳቤውን ስጨርስ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ስልክ የማታነሺው በሚስቴ ተቀይመሽ ነው ብዬ ስንት ወር ቤቴን ስረብሽ ከረምኩ፣ ታውቂያለሽ?

ከታች በትንሹ ጽፈሽ የሰረዝሽውን ጥያቄ ብርሃን ላይ አንሥቼ አነበብኩት። አይገድልሽም፣ እታለም። ክትትል ይፈልጋል፣ የጎንደሩን ሐኪም ቀጠሮ እንዳታሳልፊ፤ ግን ብዙ ሰው ይዞት ወልዶ ከብዶ ይኖራል።

መድኃኒቱ ፒሎካርፒን ይባላል። በሽታውን ነቅሎ አያወጣም፤ የደከሙትን እጢዎች ቀስቅሶ ያሠራቸዋል። በማዘዣሽ ከውጭ አስመጥተናል፤ የሦስት ወር ነው፣ በቻላቸው እጅ ልኬልሻለሁ። አስም እንደሌለብሽ አውቃለሁ፤ ዓይንሽን ግን ሐኪሙ አይቶታል? አንዳንድ የዓይን ሕመም ካለ አይወሰድም። ሳትጽፊልኝ እንዳትጀምሪ ብልሽ እንደማትሰሚኝ ስለማውቅ፣ ቢያንስ እዚያው ደባርቅ ጤና ጣቢያ ጠይቂ።

አወሳሰዱን ካርቶኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ፦ አንድ ፍሬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ትንሽ ላብ ሊልሽ፣ ሽንት ሊያመላልስሽ ይችላል፤ ውኃ ጠጪ። ደግሞ በሳምንት አልሠራም ብለሽ እንዳትወረውሪው፤ ሁለት ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል።

ታደለን ሳሚልኝ። ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ።

ያንቺው አንዳርጋቸው


ደባርቅ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣

እንዴት ሰነበትክ? ልጅህ ከጉንፋኑ ተሻለው? ዓይኔን ሐኪሙ ጎንደር አይቶታል፣ ይወሰድ ብሎ ያዘዘውም ያንን አይቶ ነው፤ አትጨቅጭቀኝ።

እሰይ! አሥር ጊዜ እሰይ በልልኝ። ክኒኑን በጀመርኩ በስምንተኛው ቀን ጠዋት ክፍል ውስጥ ሳለሁ ከምላሴ ሥር አንድ ነገር ሲመጣ ተሰማኝ። ደነገጥኩ። ደም መስሎኝ በመሐረብ ጠረግኩት። ምራቅ ነው! ልጆቹን አዙሬ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ተመልከቱ ብዬ፣ እኔ ጥግ ቆሜ ምራቄን ዋጥኩ። በአርባ ሰባት ዓመቴ ገና ምራቄን ዋጥኩ ብልህ እንዳትስቅብኝ። ታደለ ሲስቅ ውሎ አድሯል።

ማታ ቆሎ በላሁ። አንድ እፍኝ ብቻ፣ ቀስ ብዬ፣ ያለ ውኃ። በክፍልም ረ የነበረው አሁን እስከ ነ እደርሳለሁ። ከዚያ ይከዳኛል፣ ግን ነ ማለት ቀላል መንገድ አይደለም፤ ልጆቹም ደስ ብሏቸዋል መሰል አብዝተው ይጮሃሉ። ላብ ላልከው ደግሞ፣ ደባርቅ ላይ ላብ ማን አየ! ትንሽ ግንባሬን ሞቅ ይለኛል፣ እሱን በዚህ ብርድ ማን ጠላው።

«ርዕሰ መምህሩ ምን አለሽ?» ማለትህ አይቀርም። ምንም አላለኝም። እሱን ተወው።

ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። እንኳን አደረሰህ። እናታችን እንዳስለመደችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው፤ አንተ አዲስ አበባ ገብተህ በምሳ ሰዓት እንደምትፈታ አውቃለሁ፣ እሱን ለነፍስ አባትህ ንገር።

እህትህ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

እልል ብዬ ልጆቹን አስደነገጥኳቸው! ሐኪሞች በጽሑፍ የሚያውቁትን አንቺ በቆሎ አረጋገጥሽው። እንኳን ደስ ያለሽ፣ እኔንም እንኳን ደስ ያለኝ።

አሁን አደራ፣ እጢዎቹ ገና መንቃታቸው ነውና እንዳታቋርጪ። አንድም ቀን! ሦስቱን ፍሬ ሳትጨርሺ ቀኑ እንዳያልፍ። አንቺ ተማሪ እንደምትቆጪው ነው የምቆጣሽ።

በምሳ ሰዓት አልፈታም፣ በስድስት ተኩል ነው።

አንዳርጋቸው


ደባርቅ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

ደህና ነህ? እኔ ደህና ነኝ። ታደለም ደህና ነው። ጽሕፈቴ የተንጋደደው ብዕሩ ነው እንጂ እኔ ደህና ነኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር። አንዲት የማውቃት ሴት አንተ የላክኸውን ዓይነት መድኃኒት ትወስዳለች። ይህ መድኃኒት ሰውን ጋቢው እስኪጨመቅ ያልባል ወይ? ዓይን ያደበዝዛል? ሆድ ይቆርጣል? እንደው ለማወቅ ያህል ነው።

እኔ ለራሴ ግን መድኃኒቱ የሚስማማኝ አልመሰለኝም፤ ልተወው ነው። አንተ ደክመህበታል፣ ይቅር በለኝ። ከክፍል ብወጣም ከትምህርት ቤቱ አልባረርም፣ መጋዘኑም ሰው ይፈልጋል። ሀያ አራት ዓመት ጮኼያለሁ፤ ይበቃኛል።

ዘርፈሽዋል


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

«የማውቃት ሴት» አልሽኝ? እኔም አውቃታለሁ። ከእሷ ጋር አንድ ማዕድ በልቼ ነው ያደግኩት።

ሦስቱን ፍሬ አንድ ላይ ነው የዋጥሻቸው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ! ደብዳቤሽን አምስት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ ነው የገባኝ፣ ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ የለኝም። ሌላ ሰው መጥቶ መድኃኒት ሲወስድ «እናቴ፣ ይጾማሉ? ሰዓቱን እንዴት እናድርገው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሥራዬ ነው። ለገዛ እህቴ፣ ረቡዕና ዓርብን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የጾመች መሆኗን እያወቅሁ፣ «በቀን ሦስት ጊዜ» ብዬ በቀይ ጽፌ ላክሁ። ይባስ ብዬ «ሦስቱን ሳትጨርሺ ቀኑ እንዳያልፍ» አልኩሽ። አበስኩ ገበርኩ! ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺ ጾምሽንም ጠብቀሽ ወንድምሽንም ታዘዝሽ፤ ሁለት ጌታ ስታገለግዪ ልትሞቺብኝ ነበር።

አሁን የምጽፈውን ለታደለም አንብቢለት። መድኃኒቱ ተስማምቶሻል፤ ያልተስማማሽ ብዛቱ ነው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደሽ የልብ ምትሽንና ግፊትሽን አስለኪ። ከዚያ ለጎንደሩ ሐኪም ታደለ ደውሎ የሆነውን ይንገረው፤ እሱ ቀጥዪ ካለሽ አንድ ጠዋት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ማታ። ያለፈሽን ደርበሽ አትውጪ፤ ያለፈ አለፈ ነው።

ጠዋት መውሰድ ጾም ያስገድፈኛል ትያለሽ። ስለዚህ ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ሃብተ ጊዮርጊስ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ታሽጎ ከዚህ ጋር አለ። ሳትከፍቺ ስጪያቸው። እንዳትከፍቺ!

መጋዘን ያልሽው ደግሞ ምንድን ነው? ማን ነው መጋዘን ግቢ ያለሽ?

አንዳርጋቸው


ደባርቅ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣

አሁን እውነቱን ልጻፍልህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኔ መድኃኒቱን በእጄ ይዤ ደበቅሁ።

እንዳልከው ነው። ጾሙ ከገባ በኋላ ጠዋት ክኒን መዋጥ ውኃ ካልሆነ አይሆንም፣ ውኃ ደግሞ ጾም ያስፈታል። ጠዋቱን ስተወው ክፍል ውስጥ ተመልሼ ረ ላይ ቆምኩ። አንድ ሁለት ቀን ሲያቅተኝ ከኮዳዬ ፉት አልኩ። ያን ጊዜ ስጦታ የምትባለዋ ተማሪዬ ለእናቷ ለማንጠግቦሽ ነገረቻት፤ እሷም «ሁዳዴ የምትሽር መምህር ለልጄ ምን ታስተምራለች?» ብላ ልጅቷን አስቀረቻት። ወሬው እንደ ጭስ ገባ። እኔም አሰብኩ፤ ለማለዳ ጥማድ በሬውን ማታ እንደሚያጠግቡት፣ ሦስቱን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ባንድ ጊዜ ብውጠው ኃይሉ አድሮ ለጠዋት ይተርፈኛል ብዬ። መምህር ነኝ እኮ፤ እንዲህ ያለ ሂሳብ ተማሪ ቢሠራው ኤክስ አደርግበት ነበር።

አምስት ቀን ዝም ብዬ አላበኝ። በስድስተኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ገበያው መሐል የሆነውን ታደለ ያውቀዋል፤ እኔ የማውቀው ባጃጅ ውስጥ መሆኔንና ጫማዬ አንዱ አለመኖሩን ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ እስኪመሽ አስተኝተው ተከታተሉኝ፤ ለቀቀኝ። ያንን ደብዳቤ የጻፍኩልህ በማግስቱ ነው። ፈርቼ ነበር፣ አንዱዬ። በጣም ፈርቼ ነበር።

አሁን ስሜን ሳልደብቅ አስለክቻለሁ፤ ግፊቱም የልብ ምቱም ደህና ነው ብለውኛል። የጎንደሩ ሐኪምም በታደለ ስልክ ተቆጥቶኝ ሲያበቃ አንድ አንድ እያልሽ ቀጥዪ አለኝ።

ደብዳቤህን ለመምሬ አደረስኩ። አልከፈትኩትም። እሳቸው ግን አገላብጠው አዩትና «ዘርፌ ልጄ፣ መነጽሬን ከቤተልሔሙ ትቼዋለሁ፤ እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ። እግዜር ይይልህ! የገዛ ኃጢአቴን በገዛ አፌ፣ ያውም በደረቀ አፌ፣ ከቅጽሩ ሥር ተቀምጬ አነበብኩላቸው። «እልኸኛ ናት፣ ካልገሠጿት አትሰማም» የምትለዋ ላይ ስደርስ ዘልዬ ላልፍ ነበር፤ «ምን አለ እዚያ ጋ?» ብለው መለሱኝ።

ስጨርስ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብለው አጠፉት። ቀጥለው «ፍትሐ ነገሥቱ የታመመን ይፈታል፤ አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምታስሪ?» አሉኝ። ክኒኑን ጠዋት በውኃ ዋጪ፣ እህሉን እስከ ዘጠኝ ከቻልሽ ቆዪ፣ ካልቻልሽ ብዪ አሉ። ቀኖና ይስጡኝ ብዬ ተንበረከክሁ። «ስለ ክኒኑ ቀኖና የለብሽም። ሳትነግሪኝ ልትሞቺ ስለነበረው ግን አለብሽ» አሉና፣ ስግደት ያዙኛል ስል ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ክኒንሽን እስከ ፋሲካ በሰው ፊት ዋጪ! ጓዳ ገብተሽ አይደለም፣ በሰው ፊት! ሺህ ስግደት ይሻለኝ ነበር።

ስለ መጋዘኑ። ማንም ግቢ አላለኝም። ራሴ ነኝ። ጥር 10 ቀን፣ ለአንተ ከመጻፌ በፊት፣ «በጤና ምክንያት ከማስተማር ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንድዛወር» ብዬ ማመልከቻ ጽፌ ፈርሜ ለአቶ የኔሰው ሰጥቻለሁ። ሳያባርሩኝ ልውጣ ብዬ ነው። ወረዳው በዚህ ወር መጨረሻ ይወስናል። አሁን ድኜ ተመልሼ አልፈልግም ብል ሰው ምን ይለኛል? ደግሞስ ተመልሼ ነ ላይ ብቆም? እንዳልነግርህ አፍሬ ነበር።

እህትህ ዘርፈሽዋል


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ዛሬውኑ ሄደሽ ማመልከቻውን ውሰጂ። ዛሬውኑ! ነ ላይ ብትቆሚ፣ ነ ላይ ትጠጪና ትቀጥያለሽ። እኔን ያስተማርሽኝ ውኃ ሳትጠጪ አይደለም።

ቻላቸው ሊነሣ ሞተር አሙቆ ቆሟል። በይ።

አንዳርጋቸው


ደባርቅ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአንዳርጋቸው፣

እንዴት ነህ? ልጆችህስ? ሰላምታውን ሳላበዛ ልግባበት፣ አላስችል ብሎኛል።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት አቶ የኔሰው ቢሮ ገባሁ። ማመልከቻዬን መልስልኝ አልኩት። አቶ የኔሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ለሁሉም ነገር መረጃ የሚፈልግ ሰው ነው። «ወረቀቱ ነገ ወደ ወረዳ ሊሄድ ነው። መልስ ካልሽኝ እመልሳለሁ፤ ብቻ፣ እትዬ ዘርፈሽ፣ ልጆቹስ? ተማሪዎቹ ሰኔ ላይ ፊደል ሳይለዩ ቢቀሩ ተጠያቂው እኔ ነኝ» አለኝ። ልክ ነው። «እንግዲያው ና ስማ» አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

በማግስቱ መጥቶ ከኋላ በልጆች ወንበር ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ። እኔ የመምሬ ቀኖና አለብኝ። ከመጀመሬ በፊት አርባ ሁለት ልጆችና አንድ ርዕሰ መምህር እያዩኝ ክኒኔን አወጣሁና በውኃ ዋጥኩ። ልጆቹ ተጠቃቀሱ። ከፊት ያለው ልጅ «እትዬ፣ ጾም አይደለም እንዴ?» አለ። «ነው» አልኩት። «እኔ ግን ታምሜያለሁ፤ ይህ መድኃኒቴ ነው። ሰዓት አለው። መምሬም ያውቃሉ።» በቃ። ይህችን ለማለት ሁለት ዓመት ፈጀሁ።

መጀመሪያ ቁጥር ቆጠርን፣ ሥዕል ሣልን፤ ክኒኑ እስኪሠራ ጊዜ ለማሳለፍ ነው። ከዚያ ሀ አልኩ። ረ ላይ አልቆምኩም። ነ ላይም አልቆምኩም፤ አለፍኩት። ከ፣ ወ፣ ዘ። ደ ላይ አንዴ ፉት አልኩ። ጠ ስል ምላሴ ከላንቃዬ በደንብ ሲላቀቅ ሰማሁት፤ ስንት ዘመኔ! ፐ ላይ ደረስን፣ ልጆቹም ጮኹ፣ እኔም ከነሱ በላይ ጮህኩ። አቶ የኔሰው ከወንበሩ እየተላቀቀ ወጣ፤ በምሳ ሰዓት ማመልከቻዬን ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት። ታደለ እሳት ማንደጃ አደረገው። እንዴት እንደቀለለኝ ልነግርህ አልችልም፤ ከትምህርት ቤት እስከ ቤቴ ድረስ ለራሴ እያወራሁ ሄድኩ፣ ሰው እብድ ብሎኛል።

እንዳታሞግሰኝ ደግሞ፣ ሁሉም ቀን እንደዚያ አይደለም። ትናንት የ ላይ ደርቄ ቀረሁ፤ ዓይኔም አሁንም ይቆረቁረኛል፣ ጠብታውን እጠቀማለሁ። ሐኪሙም አይነቅለውም ብሎኛል። ይሁን።

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ግን ስማ። ደወል ሳይደወል ማንጠግቦሽ ልጇን ስጦታን በእጇ ይዛ ከክፍሌ በር ቆመች። ልትሰድበኝ የመጣች መሰለኝ። ልጅቷን ወደ ቦታዋ ላከችና እኔን ወደ ግድግዳው ሳብ አድርጋ፣ «እትዬ፣ የሰፈር ልጆች ሲያወሩ ሰማሁ። መምሬ እውነት ፈቅደዋል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ዙሪያዋን አየት አየት አደረገችና ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። የግፊት ክኒን ነው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ የታዘዘላት፤ ጾሙ ከገባ ጀምሮ ሁለቱን አንድ ላይ ማታ ነው የምትውጠው። ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ወድቃ ለባሏም አልተናገረች። «አንቺ ውኃ ስትጠጪ ሰምቼ የተናደድኩብሽ እኮ» አለች፣ ክኒኑን በመዳፏ እንደያዘች፣ «እኔ ችዬው አንቺ እንዴት አቃተሽ ብዬ ነው።»

እኔም አልቻልኩም፣ አንዳርጋቸው። እጇን ያዝኩና ወደ ክፍል አስገባኋት፤ ከስጦታ አጠገብ አስቀመጥኳት። ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ውኃ ቀዳሁላት። ልጆቹ ፊት የኔን ዋጥኩ፣ እሷም የጠዋቷን አንዷን ፍሬ አውጥታ ዋጠች፤ የማታዋን መልሳ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች።

እህትህ ዘርፈሽዋል